የባለሙያ ምላሽ፦ ከኮዬ ፈጬ ሆኖ የዳታ ሳይንስ ማስተርስ በኦንላይን መማር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ፋብሪካ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። በ2010 ዓ.ም. ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ፤ ጂፒኤዬ 2.87 ነው። ኤክሴል በደንብ እሠራለሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን የዳታ ሳይንስ ሰርተፊኬት ወስጃለሁ፤ ከዚያ ውጪ ፕሮግራሚንግ ነክቼ አላውቅም። በኦንላይን የዳታ ሳይንስ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ‹ኦንላይን ቀላል ነው፣ ቪዲዮ አይቶ አሳይመንት መላክ ነው፤ ከተቀበሉሽ ቪዛም ታገኛለሽ› ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹እዚህ አገር ተቀባይነት የለውም› ይላል። በዚህ የመብራትና የኢንተርኔት ሁኔታ ይቻላል ወይ? ክፍያውስ እንዴት ይላካል? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ጓደኞችዎ የነገሩዎት ስሕተት ነው፤ የወንድምዎ ግማሹ እውነት አለው። ቀላል ነው ከሚለው እንነሣ። የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን የሚሰጡት ማስተርስ የቤት ሥራውም ፈተናውም ግቢ ውስጥ ለሚማረው ከሚሰጠው ጋር አንድ ደረጃ ነው። የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ማስተርሱን በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የአናሊቲክስ (የመረጃ ትንተና) ማስተርሱን በ2017 እ.ኤ.አ. በኦንላይን ሲጀምር የቀነሰው ዋጋውን እንጂ መመዘኛውን አይደለም፤ ዲግሪው ላይም ኦንላይን የሚል ቃል አይጻፍም። ባለ 3 ክሬዲት አንድ ኮርስ በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሰዓት ይወስዳል። ቪዲዮው ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው ኮድ በመጻፍ፣ የተጻፈው ለምን እንደማይሠራ በመፈለግና ቀመርን በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ በማውጣት ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች መግቢያው ሰፊ ነው፤ መውጫው ግን ጠባብ ነው።

ቪዛ የሚባለው ነገር የለም። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ለሚማር ሰው የተማሪ ቪዛ የሚጠየቅበትን አይ-20 የተባለ ሰነድ አይሰጥም። ከምረቃ በኋላ እዚያ አገር የመሥራት ፈቃድም ከዚህ አይመጣም። ዋናው ፍላጎትዎ መውጣት ከሆነ ግቢ ገብተው የሚማሩበትን፣ ስኮላርሺፕ ያለውን ፕሮግራም ይፈልጉ። በኦንላይን ለሚማር የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጥቂት ነው፤ ደጋግሞ የሚጠቀሰው የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕም ለአባል አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ ስለሆነ ኢትዮጵያን አይመለከትም።

የኮደሮች ሰርተፊኬቱ በክሬዲት አይቆጠርም፤ በማመልከቻ ላይም ብቻውን ሚዛን አይደፋም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከነአካቴው አያውቁትም ማለት አይደለም፤ ከዜሮ አይነሡም።

ወንድምዎ ያነሣው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይከብዳል። በግል ኩባንያ፣ በግል ባንክ ወይም በውጭ ድርጅት ውስጥ ዲግሪውን የሚመዝነው ቀጣሪው ራሱ ነው፤ እዚያ ችግር አይገጥምዎትም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለደረጃ ዕድገት፣ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወይም እዚሁ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ለመመዝገብ ካሰቡ ግን የውጭ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የአቻ ግምት ማግኘት አለበት። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የፕሮግራሙን ሙሉ መጠሪያ፣ ለዩኒቨርሲቲው ዕውቅና የሰጠውን አካልና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ መሆኑን በግልጽ ጽፈው ለባለሥልጣኑ ደብዳቤ ያስገቡ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በመስኮት በኩል በቃል የተባለ «ችግር የለውም» ከዓመታት በኋላ ዲግሪዎን ይዘው ሲሄዱ ማስረጃ አይሆንልዎትም። ዩኒቨርሲቲው አሜሪካ ከሆነ ዕውቅና ያለው መሆኑን በአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር የመረጃ ቋት ውስጥ ስሙን ፈልገው ያረጋግጡ። በሥራ ልምድ ብቻ ዲግሪ እንሰጣለን የሚል፣ ክትትል ያለበት ፈተና የሌለው፣ በጠየቁት ዕለት የቅበላ ደብዳቤ ልኮ «እስከ ዓርብ ከከፈሉ ቅናሽ አለ» የሚል ተቋም ካጋጠመዎት ወረቀት ሻጭ ነው፤ ይተዉት።

አሁን ወደ እርስዎ ማስረጃ እንምጣ። ጂፒኤዎ 2.87 ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ዝቅተኛ መነሻ ብለው የሚያስቀምጡት 3.0 ነው። ከዚህ በታች ያለ አመልካች ሁልጊዜ ይጣላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ማመልከቻውን የሚገመግመው አካል «ይህ ሰው ሒሳቡን ይችለዋል ወይ?» ብሎ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ያልቆጠሩት ሀብት አለዎት። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ወስዷል። ትራንስክሪፕትዎን አውጥተው የእነዚህን ኮርሶች ውጤት ለብቻው ይመልከቱ። በእነሱ ቢና ከዚያ በላይ ካለዎት፣ ጂፒኤውን የጎተቱት ሌሎች ኮርሶች ከሆኑ፣ የዓላማ መግለጫዎ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር በቁጥር አስደግፈው ይጻፉት። በእነሱም ሲ ከሆነ ሰበብ አይደርድሩ፤ በአዲስ ውጤት ነው የሚሻረው።

አዲሱን ውጤት የሚያመጡበትን መንገድ ከማሳየቴ በፊት ስለ ዝግጅቱ ልናገር፤ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። የተለመደው አካሄድ ከማሽን ለርኒንግ (ኮምፒዩተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ዘዴ) ቪዲዮ መጀመር፣ የተዘጋጀ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ጠርቶ ውጤት ማየትና «ገባኝ» ማለት ነው። በማስተርስ ኮርስ ግን ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የቤት ሥራው የላይብረሪውን ሆድ ዕቃ ይጠይቃል፤ የስሕተት ፈንክሽኑን ግራዲየንት አውጣ፣ ይህ ማትሪክስ ኢንቨርስ የሚኖረው መቼ ነው፣ ይህ ግምት ለምን ይዛባል ይላል። በዚያን ጊዜ ካልኩለስንና ፕሮባቢሊቲን ከኮርሱ ጋር ጎን ለጎን ልከልስ ማለት አይሳካም፤ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ስድስት ወር ያስፈልግዎታል፤ በሳምንት 10 ሰዓት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለሊኒየር አልጀብራ ይስጡ፦ የማትሪክስ ብዜት፣ ራንክ፣ ፕሮጀክሽን፣ አይገንቫልዩ። ኤምአይቲ 18.06 በሚል ቁጥር የሚያስተምረው ኮርስ ከነመልመጃውና ከነመልሱ በነጻ ተለቋል፤ በቂ ነው። ከካልኩለስ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ፣ የቼይን ሩልና ግራዲየንት ይበቃል። ቀጥሎ ሁለት ወር ፕሮባቢሊቲ፦ ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ፣ የቤዝ ሕግ፣ የሚጠበቅ ዋጋ፣ ቫሪያንስ፣ ዋና ዋና ስርጭቶችና ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም። ይህኛውን የኢኮኖሚክስ ተመራቂ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ቀመሩን ማስታወስና ጥያቄ መፍታት ግን የተለያዩ ናቸው፤ መልመጃውን ሳይዘሉ ይሥሩ። የመጨረሻውን ሁለት ወር ለፓይተንና ለኤስኪውኤል (መረጃን ከመረጃ ቋት ለማውጣት የሚያገለግል ቋንቋ) ያድርጉት።

መዘጋጀትዎን የሚለኩበት አንድ ፈተና ልስጥዎ። የኢትዮጵያ ማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት መረጃ ከዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ማዕከል ተመዝግቦ በነጻ ይወርዳል። የቤተሰብ ወጪን የያዘውን ፋይል ከቤተሰብ አባላት ፋይል ጋር ያጣምሩ፤ የጎደሉ ቁጥሮችን ምን እንዳደረጓቸው በጽሑፍ ያስረዱ። ከዚያ ነምፓይ በተባለው የፓይተን የቁጥር ማስሊያ ብቻ፣ ያለ ምንም የተዘጋጀ የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ፣ በግራዲየንት ዲሴንት (ስሕተቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ መልሱን የሚፈልግ ዘዴ) የሚሠራ ሊኒየር ሪግሬሽን ራስዎ ይጻፉ። ኮኤፊሸንቶቹ ላይብረሪው ከሚሰጠው ጋር እስከ ሦስተኛው የዴሲማል ቤት ከተስማሙ ተዘጋጅተዋል። ቁጥሩ እያደገ ሄዶ ከፈነዳ ወይ ለርኒንግ ሬቱ (የእያንዳንዱ እርምጃ መጠን) በዝቷል፣ ወይ ተለዋዋጮቹን ወደ አንድ ሚዛን አላመጧቸውም፤ ይህንን ለይተው ማረም ራሱ የፈተናው አካል ነው። ይህ ሥራ ተጠናቆ ሲቀመጥ ለማመልከቻዎም ከማንኛውም ሰርተፊኬት የተሻለ ማስረጃ ነው። የፋብሪካዎን የምርት መረጃ ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለዚህ አይጠቀሙበት።

ከፕሮግራሞቹ መካከል ለእርስዎ የሚመለከቱት ሦስት ናቸው። የጆርጂያ ቴክ የአናሊቲክስ ማስተርስ 36 ክሬዲት ነው፤ ጠቅላላ ዋጋው 10,000 ዶላር ገደማ ነው። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዳታ ሳይንስ ማስተርስ 30 ክሬዲት ሆኖ ዋጋው እንዲሁ 10,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ከሁለቱ ይልቅ በስታቲስቲክስና በማሽን ለርኒንግ ንድፈ ሐሳብ የሚጠነክረው ይህ ነው። ሁለቱም መደበኛ ማመልከቻ፣ ትራንስክሪፕትና የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ በኩል የሚሰጠው የዳታ ሳይንስ ማስተርስ ነው። ይህኛው የቀድሞ ጂፒኤም ትራንስክሪፕትም ሳይጠይቅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባለ 1 ክሬዲት ኮርሶች ወስዶ በአማካይ 3.0 ያመጣን ሰው ይቀበላል። ዋጋው በክሬዲት 525 ዶላር ገደማ፣ ለ30 ክሬዲት 15,750 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዋጋዎች ስለሚቀየሩ ውሳኔ በሚሰጡበት ሳምንት ከዩኒቨርሲቲዎቹ ገጽ ላይ እንደገና ይመልከቱ።

የኔ ምክር የማያሻማ ነው፤ በቦልደሩ መንገድ ሦስት ክሬዲት ብቻ ይግቡ። ኮርሶቹን መጀመሪያ ያለ ክሬዲት በአነስተኛው የኮርሴራ ክፍያ መማር ይቻላል፤ ለዚያም እንደየአገሩ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ አለ። ቪዲዮውንና መልመጃውን ሳይቸኩሉ ጨርሰው፣ እንደሚያልፉ ሲተማመኑ ብቻ ወደ ክሬዲቱ ያሳድጉት፤ ለክሬዲቱ ተጨማሪ ክትትል ያለበት ፈተና ይኖራል። ቢ እና ከዚያ በላይ ካገኙ ሁለት በር ይከፈትልዎታል። እዚያው መቀጠል ይችላሉ፤ ወይም ያንን የድኅረ ምረቃ ውጤት ይዘው ርካሽ ወደሆኑት ወደ ሁለቱ ያመለክታሉ፤ 2.87 የሚሻረው በእንዲህ ዓይነቱ ውጤት ነው። ካልሆነልዎ ያጡት 1,575 ዶላር እንጂ የሙሉ ማስተርስ ዋጋ አይደለም።

ይህንን በብር ያስቡት። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ለስሌት እንዲመች በ150 ብር ብናሰላው የመጀመሪያው ሦስት ክሬዲት 236,250 ብር፣ ባለ 10,000 ዶላሩ ፕሮግራም 1.5 ሚሊዮን ብር ነው። ደመወዝዎ በብር ሆኖ ክፍያው በዶላር ለዓመታት የሚቆይ ከሆነ፣ የመጨረሻው ኮርስ ከመጀመሪያው በብር ሊበልጥ እንደሚችል አስበው ይግቡ። ከቤተሰብ፣ ከአሠሪ ወይም ከራስዎ ቁጠባ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በእጅዎ ካልሆነ አይጀምሩ። ለዚህ ትምህርት ሲባል ቤትን ወይም መኪናን አስይዞ መበደርን በጥብቅ እቃወማለሁ። በዚህ ገንዘብ የማይደፈር ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ማስተርስ ሁነኛ አማራጭ ነው፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ይጠይቃል እንጂ ዶላር አይጠይቅም፣ የአቻ ግምትም አያስጨንቅዎትም። ከኮዬ 4 ኪሎ መመላለሱ አድካሚ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ክፍያው የሚላክባቸው ሕጋዊ መንገዶች አሉ። ባንክዎ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ በአብዛኛው የቅበላ ደብዳቤ፣ በስምዎ የወጣ የክፍያ መጠየቂያና ፓስፖርት ይፈልጋል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይተላለፋል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር መሐል ላይ ያሉ ባንኮች የአገልግሎት ክፍያ ሲቆርጡ የሚደርሰው ገንዘብ በጥቂት ዶላር መጉደሉ ነው። የጎደለው ትንሽ ቢሆንም ምዝገባዎ ሊታገድ ይችላል፤ ስለዚህ የመላኪያው ወጪ ሁሉ በላኪው እንዲሸፈን ቅጹ ላይ ያስሞሉ፤ ከክፍያው ቀነ ገደብም ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይጀምሩ። በካርድ ብቻ ለሚከፈሉት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብና ከእሱ ጋር የተያያዘ ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ በአንድ ጊዜ ስንት ዶላር ድረስ እንደሚያስከፍል ባንኩን አስቀድመው ይጠይቁ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎት ከሆነ ገንዘቡ እጅ በእጅ ሳይዞር በቀጥታ በተማሪ መለያ ቁጥርዎ ይክፈል።

በቴሌግራም «በብር ክፈሉን፣ ዶላሩን እኛ እንከፍላለን» ከሚሉት ግን ይራቁ። የሚከፍሉበት ካርድ የተሰረቀ ከሆነ የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ዕዳው የሚመዘገበው በእርስዎ ስም ነው፤ መለያዎ ይዘጋል፣ ውጤትዎ ይያዛል። ብርዎን የሚመልስልዎ ሰው ደግሞ አይገኝም።

መደበኛውን ማመልከቻ ሲያዘጋጁ ጊዜ የሚፈጀው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለተመረቁ የወጪ መጋራት ግዴታዎን ማጠናቀቅዎን ሳያረጋግጡ ሬጅስትራሩ ዋናውን ማስረጃ አይሰጥዎትም። ከደመወዝዎ ሲቆረጥ የቆየ ከሆነ አሠሪዎ ለገቢዎች ማስገባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያሰባስቡ፤ የቆረጠውና ያስገባው የማይመሳሰልበት ጊዜ አለ። ዩኒቨርሲቲው ክፍለ ሀገር ከሆነ ይህ ብቻውን ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ከተጠየቀ ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራሩ በቀጥታ መላክ አለበት፤ እርስዎ ከፍተው መልሰው ያሸጉት ዋጋ የለውም።

ስምና ዘመንም ብዙ ማመልከቻ ያጓትታሉ። ስምዎ በላቲን ፊደል በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ በአንድ ዓይነት መጻፉን ይመልከቱ። የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ ፓስፖርትዎ ያስቀመጠውን ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ በየቅጹ አይቀይሩት። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው አጻጻፍ የተለየ ከሆነ ሬጅስትራሩ የሁለቱ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን በደብዳቤ እንዲገልጽ ያድርጉ። የምረቃ ዓመትዎ በቅጹ ላይ 2018 ነው፤ 2010 ብለው ከሞሉ በሕፃንነትዎ የተመረቁ ይመስላል፣ ማመልከቻውም ለማጣራት ወደ ጎን ይቀመጣል።

የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ ትምህርትዎ በእንግሊዝኛ ስለተሰጠ ነጻ የሚያደርጉ ተቋማት አሉ፤ የማያደርጉም አሉ፤ በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። አይኤልትስ፣ ቶፍልና የዱዎሊንጎ ፈተና ውጤታቸው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ከዝግጅቱ በፊት አይፈተኑ። ዱዎሊንጎ ርካሽና ቤት ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ የመረጡት ፕሮግራም የሚቀበለው መሆኑን ግን አስቀድመው ያጣሩ። የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎችዎ አንዱ የኢኮኖሜትሪክስ መምህርዎ፣ ሌላው ሥራዎን በቅርብ የሚያውቅ አለቃ ይሁኑ። ከመሥሪያ ቤት ኢሜይል ቢልኩ ይመረጣል፤ አለቃዎ የግል ኢሜይል ብቻ ካለው ማኅተምና የመሥሪያ ቤት ስልክ ባለው ወረቀት ላይ ጽፎ ያያይዝ። «ትጉህና ታማኝ ነች» የሚል ደብዳቤ አይጠቅምዎትም። የትኛውን ሪፖርት እንዴት እንዳሻሻሉ፣ ከምን ያህል መረጃ ምን ስሕተት እንዳገኙ የሚናገር ይሁን።

ኢንተርኔቱና መብራቱ ያስቸግራሉ፤ ነገር ግን ከሒሳቡ ያነሰ እንቅፋት ናቸው። ቪዲዮ በ480 ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ በ720 ከእጥፍ በላይ ነው። የትምህርት ቪዲዮ በ480 ይነበባል፤ በሌሊት ጥቅል ወይም በቤት ዋይፋይ አውርደው ከመስመር ውጭ ይመልከቱ። ብዙ ዳታ ሳያስቡት የሚጨርሰው የሶፍትዌር ጭነት ነው። ፓይተንን ከነላይብረሪዎቹ የሚጭነው ሙሉው አናኮንዳ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሲሆን አነስተኛው ሚኒኮንዳ ከእሱ እጅግ ያንሳል፤ ፓይቶርች የተባለውን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ ሲጭኑ ለጂፒዩ (ለከባድ ስሌት ለሚውለው የግራፊክስ ፕሮሰሰር) የተዘጋጀው ብዙ ጊጋባይት ስለሚሆን የሲፒዩውን ብቻ ይምረጡ። ጂፒዩ ሲያስፈልግ ኮድ በኢንተርኔት በሚሠራባቸው በጎግል ኮላብ ወይም በካግል ላይ በነጻ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ውድ ላፕቶፕ አይግዙ። ማድረግ ያለብዎት ራሙን 16 ጊጋባይት ማድረስ ነው፤ አንድ የሲኤስቪ ፋይል (የሠንጠረዥ መረጃ የያዘ የጽሑፍ ፋይል) ፓንዳስ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ሲከፈት ዲስክ ላይ ካለው መጠን ብዙ እጥፍ ማኅደረ ትውስታ ስለሚይዝ በ8 ጊጋባይት ማሽኑ ይቆማል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከአዲስነቱ ስንት በመቶ እንደቀረው ሳያዩ አይክፈሉ።

ክትትል ለሚደረግበት ፈተና የሚለካው የማውረጃ (ዳውንሎድ) ፍጥነት አይደለም፤ የመስቀያው (አፕሎድ) ነው። ካሜራዎ ያለማቋረጥ ምስል ስለሚልክ በሰከንድ ቢያንስ 2 ሜጋቢት መስቀያ ይኑርዎት፤ ልኬቱንም ሊፈተኑ ባሰቡበት ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ደጋግመው ይውሰዱ። ምሽት ላይ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ ስለሚጠቀም ይወድቃል፤ ንጋት ይሻላል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ዋይፋይ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ለእሱ የምትሆን 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ይግዙ። ስልክዎ ላይ ከቤትዎ መስመር የተለየ የሌላ ኦፕሬተር ሲም በጥቅል ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ቤትዎ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ስልኩ ሳፋሪኮም ይሁን። ቪፒኤን ይዝጉ። ፈተናው ክፍት የሚሆነው ለብዙ ቀናት ከሆነ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይፈተኑ፤ መስመር ቢቋረጥ ለማስረዳትና እንደገና ለመፈተን ቀን ይተርፍዎታል። ከተቋረጠም የስክሪኑን ምስል ይያዙ፤ በዚያው ሰዓት ለመምህሩ ይጻፉ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ ወይም ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ስቱዲዮ ቤት ከሆነ ቤተሰቡ ለዚያ ሰዓት የሚቆይበት ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የሰዓቱ ልዩነት ወደ እኛ ሲመለስ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል እሑድ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ የቤት ሥራ በበጋቸው እዚህ ሰኞ ንጋት 12፡59፣ በክረምታቸው ደግሞ ሰኞ ጠዋት 1፡59 ላይ ይዘጋል። ለውጡ የሚደረገው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ኤኦኢ (በዓለም የመጨረሻው የሰዓት ክልል ቀኑ እስኪያልቅ ማለት ነው) ከተባለ ደግሞ በማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ላይ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት መላክ ልማድ አይሁንብዎ፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጡበት ሰዓት ነው። እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያለበትን ይላኩ፤ እስኪዘጋ ድረስ ደግሞ መላክ በአብዛኛው ይፈቀዳል።

የዕቅድና ሪፖርት ሰው ስለሆኑ ስለ ሰኔና ሐምሌ የሥራ ጫና አልነግርዎትም፤ ያውቁታል። የአሜሪካ የበጋ ሴሚስተር የሚሄደው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከዓመት መዝጊያ ሪፖርትዎ ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ በዚያ ላይ ሴሚስተሩ አጭር በመሆኑ ሳምንታዊ ጫናው ይጨምራል። ያንን ሴሚስተር ይዝለሉት። የጸደዩ ማጠቃለያ ፈተናም ከፋሲካ ሰሞን ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ፤ የኮርሱ መርሐ ግብር በወጣ ቀን ከእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር ያስተያዩት። በዓመት ሁለት ኮርስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ከያዙ ባለ 30 ክሬዲቱ፣ ማለትም ባለ 10 ኮርሱ ፕሮግራም አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የጆርጂያ ቴክ 36 ክሬዲት በዚህ አካሄድ ከዚያ በላይ ስለሚወስድ የሚሰጠው የስድስት ዓመት ገደብ ጠበብ ይላል። ሥራው ሲለምድዎ ቀለል ያለ ኮርስ በበጋ ጨምረው ማሳጠር ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ኮርስ በአንድ ጊዜ መያዝ ግን ሁለቱንም ማጣት ነው። ኮርሱ እንዳልሆነልዎ ካዩ ያለ ኤፍ የሚወጡበት ቀን አለ፤ ከምዝገባ ቀን ጋር አብረው ስልክዎ ላይ ያስመዝግቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ጥያቄን ለመወያየት ጥሩ ነው፤ የቤት ሥራ ኮድ የሚለዋወጡበት ከሆነ ግን ይውጡ። መምህራን ሞስን በመሰለ የኮድ መመሳሰል መፈለጊያ መሣሪያ የሁሉንም ተማሪ ኮድ፣ ያለፉት ዓመታትንም ጨምሮ፣ ያስተያያሉ፤ የተለዋዋጭ ስም መቀየር አያድንም። የሰጠውም የወሰደውም እኩል ይቀጣል። ቻትጂፒቲን በየትኛው ክፍል መጠቀም እንደሚቻል እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ ሕግ አለው፤ ዝም ካለ ይጠይቁ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ለባለሥልጣኑ ደብዳቤ ያስገቡ፤ የወጪ መጋራቱን ማስረጃም ይጀምሩ፤ ሁለቱም እርስዎ ሲዘጋጁ በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ። ስድስት ወር ሒሳቡንና ፓይተኑን ይሥሩ። ግራዲየንት ዲሴንቱን ራስዎ ጽፈው ካልተስማማልዎ ሁለት ወር ይጨምሩ እንጂ አይመዝገቡ። ከተስማማልዎ ሦስቱን ክሬዲት ይውሰዱ። አማካይዎ ከ3.0 በታች ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ በዶላር አይሞክሩ፤ ኤስኪውኤልና ፓወር ቢአይ (መረጃን በሠንጠረዥና በግራፍ ሪፖርት የሚያደርግ ሶፍትዌር) በርትተው ይማሩ። ባንኮችና ፋብሪካዎች ለሚያስፈልጋቸው የመረጃ ሥራ ይጠቅማሉ፤ አሁን በያዙት ሥራ ላይም ሪፖርትዎን በቀናት ምትክ በሰዓታት ማዘጋጀት ያስችልዎታል።